መሪውን ወደ ፊት መግፋት

አይሮፕላን መንዳት የሚማር ሰው ለብቻው ከመብረሩ በፊት፣ አይሮፕላኑን ሆን ብሎ እንዲወድቅ የሚያደርግበት ትምህርት አለው። ይህም ስቶል ይባላል። ቃሉ ለመኪና ሞተር መጥፋት ጭምር ስለሚነገር፣ ብዙ ሰው የአይሮፕላኑ ሞተር የቆመ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የክንፍ ነው። ክንፉ ከፊት ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ሲበዛ፣ በብዙ ትናንሽ አይሮፕላኖችም 15 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ፣ አየሩ የክንፉን ጀርባ ተከትሎ መፍሰሱን ትቶ ይበተናል፤ አይሮፕላኑን የሚያነሣውም ኃይል ይጎድላል።

ልምምዱ የሚደረገው ከፍ ብሎ ነው፤ በአሜሪካ ፈተና ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ከ1,500 ጫማ ሳይወርድ መስተካከል አለበት። ተማሪው የሞተሩን ኃይል ቀንሶ አፍንጫውን ቀስ እያለ ያነሣል። የነፋሱ ድምፅ ይቀንሳል፤ መሪው በእጁ ውስጥ ይላላል፤ የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ይጮኻል፤ አካሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎም አፍንጫው ይደፋል። በዚህን ጊዜ እጅ የሚፈልገው መሪውን ወደ ደረት መሳብ ነው፤ ምድር ወደ እርሱ እየመጣች ማን ወደ ታች ይገፋል? መዳኛው ግን መግፋት ነው። ማዕዘኑ ሲቀንስ ክንፉ ሥራውን ይጀምራል፤ ክንፎቹን ማስተካከልና ኃይል መጨመር ከዚያ ይከተላሉ።

በኤውሮጳ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ከኒውአርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ ኪው 400 አይሮፕላን ፍጥነቱ ሲያንስ መሪው ራሱ እየተንቀጠቀጠ አስጠነቀቀ። ካፒቴኑ ሳበው። መሣሪያው በራሱ ወደ ፊት ሲገፋም እንደገና ሳበው። 50 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ጁን 1 ቀን ከሪዮ ወደ ፓሪስ የሚሄደው የኤር ፍራንስ ኤርባስ፣ አፍንጫው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ እንደተያዘ፣ ከ38,000 ጫማ ተነሥቶ በሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል አትላንቲክ ውስጥ ገባ፤ 228 ሰዎች አለቁ።

እነዚህ ሰዎች የተማሩ ነበሩ። ጥያቄውም ምን ተማሩ ነው። በአየር መንገዶች ልምምዱ ለብዙ ዓመታት በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ ይቆም ነበር፤ ተማሪውም ኃይል ጨምሮ ከፍታውን ባለማጣቱ ይመሰገን ነበር። እንዲህ ያለው ፈተና፣ በእኔ አስተያየት፣ መሳብን ይሸልማል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ2012 ባወጣው መመሪያ አስቀድሞ ማዕዘኑ እንዲቀነስ፣ ከፍታም መለኪያ እንዳይሆን አሳሰበ፤ ከ2019 ጀምሮ የአየር መንገድ አብራሪዎች ሙሉውን ስቶል በሲሙሌተር እንዲለማመዱ ግዴታ ሆነ። ሲሙሌተር ግን መሬት ላይ የተተከለ ነው፤ ሆድን ባዶ የሚያደርገውን መውረድ በሙሉ አይሰጥም። እርሱን አብራሪው የሚያገኘው በትንሿ የተማሪ ቤት አይሮፕላን ውስጥ ነው።