ያልታየ ሁሉ አልጠፋም፦ የግዕዝ ፊደል በመረጃ ቋት የትእዛዝ መስኮት

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምሥራቅ እንፍራንዝን እናገኛለን። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት የሚገኘውም በዚችው ከተማ አቅራቢያ ነው። አንድ ተማሪ በመንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች፣ አዘዞን፣ እንፍራንዝን፣ አዲስ ዘመንንና ወረታን፣ በመረጃ ቋት መዝግቦ ዝርዝሩን በትእዛዝ መስኮት ቢጠይቅ፣ በእንፍራንዝ ፈንታ ስድስት ባዶ ሳጥኖች፣ ወይም የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት፣ ወይም ስድስት የጥያቄ ምልክቶች ሊመጡበት ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜም «ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ዝርዝሩን ደምስሶ እንደገና ይጽፈዋል። እነዚህ ሦስት ምልክቶች ግን የአንድ በሽታ ምልክቶች አይደሉም። አንዳንዱ ጉዳት በቀላሉ የሚድን ሲሆን፣ አንዳንዱ ፈጽሞ የማይመለስ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንዱን ከሌላው እንዴት እንደምንለይ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ፊደል ለኮምፒውተር ቁጥር ነው

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥሩ እንጂ በቅርጹ አይደለም። አንድ ባይት ሊይዝ የሚችለው ከ0 እስከ 255 ያሉትን 256 ዋጋዎች ብቻ ነው። የአማርኛ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩባቸው ከላቲኑ ፊደል ጋር በአንድ ባይት ሊስማሙ አይችሉም። በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ለፊደሎቻቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መድቦ ለሁሉም የሚያገለግል ቋሚ ቁጥር ሰጠ። የቁጥሩ መነሻ 4608 ሲሆን እርሱም «ሀ» ነው። የእንፍራንዝ የመጀመሪያ ፊደል «እ» 4773ኛ ነው።

ይህ ቁጥር በአንድ ባይት ስለማይያዝ ዩቲኤፍ-8 የተባለው ሥርዓት በሦስት ባይት ይከፍለዋል። ስሌቱ ለማንም ተማሪ አይከብድም፦ 4773 ማለት 1 ጊዜ 4096፣ ሲደመር 10 ጊዜ 64፣ ሲደመር 37 ነው። በመጀመሪያው ላይ 224፣ በቀሩት በሁለቱ ላይ 128 ስንደምር 225፣ 138 እና 165 እናገኛለን። እንግዲህ ስድስት ፊደል ያላት እንፍራንዝ 18 ባይት ትወስዳለች። በዚህ መደበኛ የግዕዝ ክፍል ያለ እያንዳንዱ ፊደል በ225 እንደሚጀምርም ልብ እንበል፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ስሕተቱ የሚገባባቸው በሮች

ፊደሉ ከተጻፈበት አንሥቶ ተመልሶ እስኪነበብ ድረስ አራት ነገሮች መስማማት አለባቸው። የመጀመሪያው የትእዛዝ መስኮቱ የሚልከው ባይት ነው። ሁለተኛው የቋቱ ደንበኛ ፕሮግራም «የምልከው በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ነው» ብሎ ለአገልጋዩ የሚሰጠው ቃል ነው። ሦስተኛው ሠንጠረዡ ራሱ የተፈጠረበት የኮድ ሥርዓት ነው። አራተኛው መስኮቱ ቅርጹን የሚስልበት ፎንት ነው።

ፎንቱ የግዕዝ ቅርጽ ከሌለው ሳጥን ይታያል፤ ይህ የሥዕል ጉድለት ስለሆነ መረጃውን አይነካውም። መስኮቱ ዩቲኤፍ-8 ሲልክ ደንበኛው «ላቲን-1 ነው» ቢል፣ አገልጋዩ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ይቆጥረዋል። 225 በላቲን-1 ጭረት ያረፈባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ናት። ስለዚህ ይህች ፊደል በየሦስት ባይቱ እየተመላለሰች ከታየች፣ የግዕዝ ጽሑፍ በተሳሳተ ሥርዓት እየተነበበ መሆኑን እናውቃለን። ሠንጠረዡ ላቲን-1 ሆኖ ደንበኛው ትክክለኛውን ግዕዝ ሲልክ ግን አገልጋዩ ለፊደሉ ቦታ ያጣለታል፤ ጥብቅ ቁጥጥር ካልተደረገበትም በእያንዳንዱ ፊደል ምትክ ቁጥሩ 63 የሆነውን የጥያቄ ምልክት ይጽፋል። ያን ጊዜ አዘዞም ወረታም «???» ይሆናሉ። የትኛው የትኛው እንደነበረ የሚያውቅ ማሽን የለም።

ስክሪኑን ሳይሆን ቁጥሩን እንጠይቅ

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የመለኪያው መርፌ ሲዛባ ጅረቱ ተዛባ አንልም፤ አስቀድመን መለኪያውን እንፈትሻለን። እዚህም እንዲሁ ነው። መረጃው ደኅና ሆኖ የንባቡ ቃል ላቲን-1 ከሆነ፣ ማይኤስኪውኤል ጤነኛውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ሊያሳየን ይችላል። በተቃራኒው ስንጽፍም ስናነብም አንድ ዓይነት የተሳሳተ ቃል ከሰጠን፣ ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው እንፍራንዝ አምራ ትታያለች፤ በውስጥ ግን ተበላሽታለች። ስለሆነም ስክሪኑ ሲያምርም ሲያስቀይምም ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃው ርዝመት ነው። ማይኤስኪውኤልም ፖስትግሬስኪውኤልም የፊደልን ብዛት «ቻር ሌንግዝ»፣ የባይትን ብዛት «ኦክቴት ሌንግዝ» በተባሉ ተግባራት ይቆጥራሉ። ለእንፍራንዝ መልሱ 6 እና 18 ከሆነ መረጃው ጤነኛ ነው፤ የሚስተካከለው መስኮቱ ወይም ቃሉ ብቻ ነው። 18 እና 18 ከሆነ ባይቶቹ ሳይነኩ በላቲን ስም ተቀምጠዋል። 18 እና 36 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ጊዜ ተለውጠዋል፤ የመጡበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ አስቀድሞ ግን ቅጂ መያዝ ግድ ነው። 6 እና 6 ከሆነ ፊደሉ ጠፍቷል።

መፍትሔው

ማይኤስኪውኤል ካልተነገረው በቀር የሚነሣበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ ወጣው 8.0 ዕትም ድረስ ላቲን-1 ነበር። ስለዚህ በቀደሙ ዕትሞች የተፈጠሩ ሠንጠረዦችን ማመን አይገባም። ሠንጠረዡ ሲፈጠር ዩቲኤፍ8-ኤምቢ4 ማለት፣ ሥራ ሲጀመርም «ሴት ኔምስ» በሚለው ትእዛዝ ይህንኑ ማሳወቅ ይበቃል። አሮጌው የሦስት ባይት ሥርዓት ለአማርኛ ቢበቃም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14.0 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩት 28 ምልክቶች አራት ባይት ስለሚወስዱ አይችላቸውም። በፖስትግሬስኪውኤል ደግሞ «ኢንኮዲንግ» የሚለው የደንበኛው ትእዛዝ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ይህ ቋት ግዕዙን ወደ ላቲን-1 መለወጥ ሲያቅተው የጥያቄ ምልክት ከመጻፍ ይልቅ ስሕተት መኖሩን ገልጾ እምቢ ይላል፤ እምቢታው ውለታ ነው። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት የኮድ ገጹን 65001 ማድረግና የግዕዝ ቅርጽ ያለው ፎንት መምረጥ ያስፈልጋል።

እኛም ከዓመታት በፊት የተማሪዎችን የቤተ ሙከራ ውጤት ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ስናዛውር ይህ ደርሶብናል። ውጤቱ በሙሉ ሲገኝ፣ ከስሞቹ የቀረልን የፊደላቸው ብዛት ብቻ ነበር። ያዳነን በመሳቢያ ውስጥ የነበረው የወረቀት ዝርዝር ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ ያለ መሳቢያ አይገኝም። የተማሪ መዝገብ፣ የታማሚ ካርድና የመሬት ይዞታ ወደ መረጃ ቋት በሚገባበት በዚህ ዘመን፣ ሺህ ስም ከመጫናችን በፊት አንዲት እንፍራንዝን ጽፈን 6 እና 18 መሆኗን ማረጋገጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።