ግዳይ ከወደቀ በኋላ፦ በቅሎና የኤልክ አደን በሮኪ ተራሮች

በአሜሪካ ሮኪ ተራሮች ኤልክ የሚያድን ቤተሰብ ከባዱ ሥራ የሚጠብቀው ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ነው። ኤልክ የአጋዘን ወገን ቢሆንም አንድ የጎለመሰ ወንድ 300 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ቀንዱ ብቻውን 18 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው እንስሳ ከመኪና መንገድ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ገደል ሥር ወደቀ እንበል። ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ እንኳ ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ይቀራል። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች በጀርባቸው እናውጣው ቢሉ ቀናት ይፈጅባቸዋል፤ ሥጋ ደግሞ ቀናት አይጠብቅም። በአይዳሆና በሞንታና ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ጠመንጃ ከመወልወላቸው በፊት የበቅሎ ነገር የሚያሳስባቸው ለዚህ ነው።

መኪና ለምን አይገባም? ሕግ ከልክሎት ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሴፕቴምበር 3 ቀን 1964 የፈረሙት አዋጅ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዱር ሆነው እንዲቆዩ በተከለሉ የመንግሥት መሬቶች ላይ ሞተር ያለውን ነገር ሁሉ ያግዳል። ብስክሌትና ጋሪም አይፈቀዱም። መንገድ ላይ የወደቀን ዛፍ የሚቆርጡ ሠራተኞች እንኳ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ በሚስበው የእጅ መጋዝ ነው የሚሠሩት። በሞንታና የሚገኘው የቦብ ማርሻል ክልል ወደ 400,000 ሄክታር ይሰፋል። በአይዳሆ በ1980 የተከለለውና በሴናተር ፍራንክ ቸርች ስም የሚጠራው ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። እዚያ ውስጥ ጠልቆ ለሚገባ ሰው ያለው አማራጭ የራሱ እግር ወይም የጋማ ከብት ነው።

ፈረስም በአጋሰስነት ይሠራል፤ ብዙዎቹ ጫኞች የሚመርጡት ግን በቅሎ ነው። በቅሎ ከእናቷ ከባዝራዋ ቁመትና ጉልበት፣ ከአባቷ ከአህያው ጥንቃቄ ወርሳለች። ሰኮናዋ ጠበብ ያለና ጠንካራ ስለሆነ በድንጋያማ መንገድ ላይ ያዋጣታል። ፈረስ ሲደነብር ይፈረጥጣል፤ በቅሎ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ነገሩን ትመረምራለች። ይህንን ግትርነት የሚለው ሰው ብዙ ነው። በገደል አፋፍ ላይ ስድስት የተጫኑ ከብቶች ለሚመራ ሰው ግን ጠባይዋ በረከት ነው። አሜሪካ ውስጥ የበቅሎ እርባታ እንዲስፋፋ ከተጉት አንዱ ጆርጅ ዋሽንግተን ነበር፤ በ1785 ከስፔን ንጉሥ የተላከለትን ድንጉላ አህያ «የንጉሥ ስጦታ» ብሎ ሰይሞ በማውንት ቨርነን እርሻው አራብቶበታል።

በቅሎዎች ባዝራ ይወዳሉ። ጫኞች ይህን ስለሚያውቁ አንዲት ባዝራ አንገት ላይ ቃጭል ያስራሉ፤ ማታ እርሷን ሸንክለው ለግጦሽ ሲለቋት በቅሎዎቹ ከቃጭሉ ድምፅ ብዙ አይርቁም። ቀን በጉዞ ላይ ደግሞ ከብቶቹ አንዷ ከሌላዋ ኋላ ተቀጣጥለው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። የኋለኛዋ መሳቢያ ገመድ ከፊተኛዋ ኮርቻ ጋር በቀጥታ አይታሰርም፤ በመሃሉ ቀጭን ሲባጎ ይገባል። አንዷ እግሯ ከድቷት ወደ ገደል ብትንሸራተት ሲባጎው ይበጠሳል፣ ሌሎቹን ጎትታ አትወስድም። የሲባጎው ውፍረት ራሱ እውቀት ይፈልጋል፦ በትንሽ በትልቁ እንዳይበጠስ፣ የአንዲት በቅሎን ሙሉ ክብደት ደግሞ እንዳይሸከም።

ጭነቱ ሌላ ዓለም ነው። ከአሮጌው፣ ሁለት የእንጨት መስቀለኞች ካሉት የጭነት ኮርቻ ሌላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአይዳሆ ተራሮች የተስፋፋ ዴከር የሚባል ኮርቻ አለ፤ ከላዩ ሁለት የብረት ቅስቶች አሉት። ዕቃው በሸራ ተጠቅልሎ ይታሰርና በመጫኛ ከቅስቶቹ ላይ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላል። አንዲት በቅሎ በአማካይ 70 ኪሎ ገደማ ትሸከማለች፤ በየጎኑ 35 መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ካምፕ ተንጠልጣይ ሚዛን የማይጠፋው ለዚህ ነው። አንደኛው ጎን በጥቂት ኪሎ ከከበደ ኮርቻው በየእርምጃው ወደዚያው ያጋድላል፣ ከሰዓታት በኋላ ጀርባዋ ይገጠባል፤ የተገጠበች በቅሎ ደግሞ ለሳምንታት ጭነት አትነካም። ሚዛኑ እምቢ ካለ ቀለል ባለው ጎን ድንጋይ ይጨመራል። የሲራራ ነጋዴዎችን ወግ ሰምቶ ላደገ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም።

መኖውንም ማስላት አለ። 450 ኪሎ የምትመዝን በቅሎ በቀን ከክብደቷ 2 በመቶ ያህል፣ ማለትም 9 ኪሎ ትበላለች። ስድስት በቅሎዎች በሰባት ቀን ወደ 380 ኪሎ ይጨርሳሉ፤ ይህን መኖ ለመሸከም ብቻ ሌላ አምስት ስድስት በቅሎ ያስፈልጋል! ስለዚህ መንገዱና የካምፑ ቦታ ሣር እየታየ ይመረጣል። ድርቆሽ ከተያዘም ከአረም ዘር ነፃ መሆኑ የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ ባዕድ አረም ወደ ክልሉ እንዳይገባ።

ልጆች ከዚህ ጉዞ የሚማሩት ከመተኮሱ ይልቅ ይህንን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአይዳሆ አንድ ልጅ 10 ዓመት ከሞላው፣ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ፣ ትልቅ ሰው አብሮት እያለ ትልቅ አውሬ ማደን ይችላል። ከዚያ በታች ያለውም ሥራ አያጣም፦ የኮርቻ ምንጣፍ ላይ የተሰካ እሾህ ይፈልጋል፣ ሚዛን ያነባል፣ ውኃ ያጠጣል። የመጫኛ አስተሳሰር በንባብ ብቻ አይያዝም፤ እጅ ከእጅ እያየ ነው የሚለምደው። የአገሪቱ የደን አገልግሎትም ሙያውን አልጣለውም። በ1930 ሞንታና ውስጥ ናይንማይል በሚባል ቦታ የከፈተው ጣቢያ ለእሳት አጥፊዎች የሚሆኑ በቅሎዎችንና ጫኞችን ያሰማራ ነበር፤ ዛሬም የመሥሪያ ቤቱ አጋሰሶች እዚያ ይከርማሉ።

ወንዱ ኤልክ በሴፕቴምበር የሚያሰማው የፉጨት ዓይነት ረጅም ጩኸት ሸለቆውን ያናውጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ ያ የቀስት አዳኞች ወቅት ነው። ጠመንጃ የያዘው ቤተሰብ በአብዛኛው ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ በበረዶ ውስጥ ይወጣል። ግዳይ ሲወድቅ ግን ብርዱ አያዘናጋም። ቆዳው ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ፣ ውጭው በረዶ ሆኖም ከታፋው አጥንት ዙሪያ ያለው ሥጋ ሊበላሽ ይችላል። ቶሎ ተገፎ፣ ብልት ብልቱ ተለይቶ፣ በስስ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሰቀላል። የቦብ ማርሻል አካባቢ የግሪዝሊ ድብ አገር ስለሆነ በማግስቱ ለሥጋው የሚመለስ ሰው ከሩቅ እያየና እየጮኸ ነው የሚጠጋው። በቅሎዋም የደም ሽታ ያስደነግጣት ይሆናል፤ ሽታው እንዳይሰማት አንዳንዱ ጫኝ አፍንጫዋን ቪክስ የሚባለውን ቅባት ይቀባታል። ቀንዱ ከሁሉም በላይ ይታሰራል፣ ጫፎቹ የበቅሎዋን ገላ እንዳይወጉ ወደ ኋላ ዞረው።

ኤልክ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። አውሮፓውያን ከመስፈራቸው በፊት በሰሜን አሜሪካ 10 ሚሊዮን ያህል ኤልክ እንደነበረ ይገመታል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከ100,000 በታች ወርዶ ነበር። ከየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ የተወሰዱ መንጋዎች በየግዛቱ ተለቀው፣ አደኑም በፈቃድ ተገድቦ ዛሬ ቁጥሩ ወደ 1 ሚሊዮን ተመልሷል። በ1937 የወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለውን የ11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ አውሎታል። በብዙ ቦታ የአደን ፈቃድ በዕጣ ስለሚሰጥ በቅሎ ቀልቦ ዓመቱን የጠበቀ ቤተሰብ ዕጣው ሳይወጣለት ሊቀር ይችላል።

የተገኘውን ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው። ቤተሰቡ እንደ ቅርጫ ለዘመድና ለጎረቤት ያካፍላል፣ የቀረውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታል። አጋዘንን የሚያከሳ በሽታ በታየባቸው አካባቢዎች ግን ከመብላቱ በፊት ከአንገት ሥር የተወሰደ ዕጢ ለምርመራ ይላካል፤ በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ መጀመሪያ የታየው፣ የአጋዘን ወገኖችን አንጎል የሚያጠቃው ይህ በሽታ አሁን በብዙ ግዛቶች ተሰራጭቷል። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ የጤና ባለሥልጣናት ምክር ግን በሽታው የተገኘበት ሥጋ እንዳይበላ ነው።