ቅንጬ አረም ሳያብብ ይነቀል!



ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች እንዳትሉኝ እንጂ፣ ዛሬ ስለ አረም ልጽፍላችሁ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ጤፍ ስታርሙ የኖራችሁትን እናንተን አረም ላስተምር አልነሣም። ይህን አረም ግን አያቶቻችሁ አያውቁትም። ስለዚህ ጠባዩን ሁላችንም አብረን ነው የምንማረው።

ከየት መጣ?

የሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ሲሆን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። በአገራችን በ1970ዎቹ በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ታየ፤ ኋላም በወሎ ተስፋፋ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከባሕር ማዶ በመጣ የእርዳታ እህል ውስጥ ዘሩ ተቀላቅሎ እንደ ገባ ይነገራል። እዚህ ወሎ ቅንጬ አረም እንለዋለን። የሐረርጌ ገበሬዎች በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይሉታል፤ «መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ» እንደ ማለት ነው ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት የተጎዳ ገበሬ መሆን አለበት።

በምን ይታወቃል?

ቡቃያ ሳለ ቅጠሎቹ መሬት ላይ ተለጥፈው ዙሪያውን ይዘረጋሉ። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። ከዚያ ግንዱ ይመዘዝና ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ሲመቸው ከሰው ወገብ ያልፋል። አበባው ነጭና ጥቃቅን ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ቅንጬ የተበተነበት ይመስላል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ በተደረገ ጥናት፣ አረሙ ሳይነቀል ሲቀር ከምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ድረስ ቀንሷል። ከብት አይወደውም፤ ርቦት ከበላው ደግሞ ወተቱ ይመራል። በግጦሽ ላይ ሣሩን አስለቅቆ ብቻውን ይቆማል። ሰውንም ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያስነሣል። እኔም በባዶ እጄ ስነቅል ሰንብቼ፣ እጄ አብጦ ጠመኔ መያዝ አቅቶኝ ነበር።

እንዴት እናጥፋው?

አንደኛ፣ ሳያብብ ንቀሉት። ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ማበብ ሊጀምር ስለሚችል ቀን አትስጡት።

ሁለተኛ፣ ዝናብ አርሶት መሬቱ ሲላላ ከነሥሩ ንቀሉት። በማጭድ ብታጭዱት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ሦስተኛ፣ እጃችሁን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ሸፍኑ። አስም ያለበት ሰው ከዚህ ሥራ ይቅር።

አራተኛ፣ ያላበበውን በማረሻ ገልብጡት፤ በስብሶ መሬቱን ያለማል። ያበበውን ግን ከቦታ ቦታ ሳታንዘላዝሉ እዚያው አድርቃችሁ አቃጥሉት። ወንዝ ውስጥ መጣል ለታችኛው ጎረቤት ዘር መላክ ነው።

አምስተኛ፣ ከገበያ የገዛችሁትን የዘር እህል በወንፊት ንፉት። አረሙ ካለበት ቦታ የተመለሰ ማረሻና የከብት ኮቴ ላይ ያለውን ጭቃ አራግፉ።

የመንገድ ዳሩስ የማን ነው?

ይኸውላችሁ ዋናው ነገር። ሁሉም የየራሱን ማሳ ያርማል። የመንገዱን ዳር፣ የቦዩን ዳር፣ የወል ግጦሹን ግን «የኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። አረሙም ተደላድሎ የሚያብበው እዚያው ነው። አንዲት እግር ብቻ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ዘር ልትሰጥ ትችላለች። ያን ዘር ንፋሱ፣ ጎርፉ፣ የመኪናው ጎማ እያመላለሰ ወደ ማሳችሁ ያስገባዋል። ታዲያ ማሳውን አጽድቶ የመንገዱን ዳር መተው፣ በአንድ እጅ እየነቀሉ በሌላው መዝራት አይደለም ወይ?

ስለዚህ በስብሰባችሁ ላይ ቀን ቁረጡ። መንገዱን፣ ቦዩንና ግጦሹን በጎጥ በጎጥ ተከፋፍላችሁ በደቦ ውጡ። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ አንድ ክረምት ነቅላችሁ ጨረስን አትበሉ፤ በየዓመቱ ተመለሱበት። ግጦሹንም በየተራ አሳርፉት፤ ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለ አረሙ ቦታ ያጣል።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ የቻላችሁ ላልቻለ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። መሠረተ ትምህርት ለሚማሩትም «ቅንጬ አረም» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፋችሁ ቡቃያውን አጠገቡ አሳዩአቸው፤ ቃሉንም ጠላታቸውንም በአንድ ቀን ይለዩታል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገ ማለዳ ከመንገዱ ዳር ጀምሩ!