ነድቶ የመጣና ጭኖ የመጣ

በእኛ አገር ዶፍ በሚወርድበት በነሐሴ ወር በአሜሪካ ፀሐይ አናት ትበሳለች። በዚያ ሐሩር ከአንድ አውራ ጎዳና ዳር አንዲት ቀይ አሮጌ ፎርድ ቆማለች እንበል። ጣሪያ የላትም፤ ፓራፋንጎዋ ተነቅሏል፤ ሞተሯ ያለ ኮፈን ተገልጦ ይታያል። ከራዲያተሯ እንፋሎት ሲትጎለጎል ባለቤቷ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይመለከታታል። በዚህ መካከል የእርሷ ብጤ የሆነች መኪና በተሳቢ ላይ ተጭና፣ በሸራ ተሸፍና፣ አቧራ ሳይነካት ታልፋለች። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ የመኪና ትርኢት ነው።

አንባቢዬ የትኛዋ ባለቤት መሆን ይመኝ ይሆን? ከመመለሱ በፊት የቆመችው ምን እንደ ነካት ይስማ።

እንዲህ ያለችው መኪና «ሆት ሮድ» ትባላለች። የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ መኪና በርካሽ እየገዙ፣ ለፍጥነት የማይረዳውን ብረት እየነቀሉ፣ ሞተሩን እያጎለበቱ በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት በ1932 ዓ.ም. የተሠራውን ፎርድ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሄንሪ ፎርድ በዚያ ዓመት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተራው ሰው በሚችለው ዋጋ አቀረበ። ጉልበቱ 65 የፈረስ ኃይል ነበር።

ይህ ሞተር ግን ሲወለድ ይዞት የመጣ በሽታ አለው፤ ይኸውም ሙቀት ነው። የተቃጠለው ጋዝ በአቋራጭ ወደ ውጭ እንደ መውጣት፣ በሞተሩ ብረት ውስጥ በሲሊንደሮቹ መካከል ዞሮ ይወጣል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ውሃ የጭሱንም ትኩሳት ይሸከማል። ወጣቱ በዚህ ላይ ሲሊንደሩን አስፍቶ፣ ሁለትና ሦስት ካርቡራተር ደርድሮ ጉልበት ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራል። የድሮው ራዲያተር ክዳኑ እንፋሎት አያፍንምና ውሃው በ100 ዲግሪ ይፈላል። (አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ከከፍታው የተነሣ በ92 ዲግሪ ገደማ በፈላ ነበር።) መኪናይቱ ስትሮጥ ነፋሱ ያበርዳታል፤ ጭንቁ የሚመጣው መንገድ ሲዘጋና ስትቆም ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይልቅ ያናድዳል። ሰውየው ቤንዚን ለመቅዳት ቆሞ፣ ቀዝቃዛ ነገር ጠጥቶ ሲመለስ ሞተሩ ይነሣል፤ ጥቂት ይሄድና ቀጥ ይላል። ካንዴላ ይፈታል፤ ባትሪ ይመረምራል፤ ምንም አያገኝም። የቤንዚኑ ፖምፓ የተቀመጠው ከጋለው ሞተር አናት ላይ ስለ ሆነ ቤንዚኑ እዚያው ተንኗል፤ ፖምፓው ደግሞ ፈሳሽ እንጂ ትነት መግፋት አይችልም። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና መታገሥ ነው። በቤንዚኑ ቧንቧ ላይ የልብስ መቆንጠጫ እንጨት የሚደረድሩም አሉ፤ ይሥቁባቸዋል፣ እነርሱ ግን ይምሉበታል።

ሞተር ቢግል የሚጠፋው ጊዜ ነው። በፍሬን ግን ቀልድ የለም። የ1932ቱ ፎርድ ፍሬን በብረት ዘንግ የሚሳብ ነበር፤ ፋብሪካው ወደ ዘይት ፍሬን የተሻገረው በ1939 ዓ.ም. ነው። ልባሞቹ ይህን የኋለኛውን ፍሬን ያስገባሉ። ጉልበቱን እጥፍ አድርጎ ዘንጉን እንዳለ የሚተወውን ሰው ግን ጀግና ለማለት እኔ አልደፍርም።

በ1970 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ የእነዚህ መኪናዎች ትልቅ አገር አቀፍ ስብሰባ ተደረገ። በኋላ ዘመን ስብሰባው በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ሲደረግ በሺህ የሚቆጠሩ መኪናዎች ይመጡበታል። ከተሳቢ የማትወርደውን መኪና በሹፈት «የተሳቢ ንግሥት» ይሏታል። በእርግጥ የዓመታት ድካም ያረፈበትን ቀለም ለጠጠር አልሰጥም የሚለውን ሰው መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ሰው ተሰብስቦ ወሬ የሚጠይቀው ኮፈኗ ላይ ትንኝ የደረቀባትን ነው፤ የት እንደ ቆመች፣ በምን ሽቦ እንደ ታሰረች፣ ማን ውሃ እንደ ሰጣት።

ቀይዋ ፎርድ ቀዝቅዛ፣ ውሃ ጠጥታ፣ አመሻሽ ላይ ከትርኢቱ በር ደረሰች። ፊት ለፊቷ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ነፋስ የለም፤ የሙቀቱ መርፌ እንደ ገና መውጣት ጀመረ። ባለቤቷ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ በትከሻው ይገፋት ጀመር። ከኋላ የተሰለፉ ሁለት ሰዎች ሳይጠሩ መጥተው አብረውት ገፉ።