ስለ ቤት ሠራተኞች ደመወዝና ስለ ውላቸው

በአንድ ቤት ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ የሚጀመረውና ከሁሉ በኋላ የሚያልቀው የቤት ሥራ ነው። እሳት የሚያነድ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ዳኛው ወደ ችሎቱ፣ ነጋዴውም ወደ ሱቁ፣ አስተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ በሰዓቱ ሊሄድ አይችልም። ይህን ያህል ጥቅም ያለው ሥራ ግን ደመወዙ ከብዙ ሥራ ያነሰ፣ ውሉም የላላ ሆኖ ይገኛል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነና እኛ በየመንደራችን ልናደርገው የሚቻለን ነገር ምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ቀድሞ በሰው ቤት የሚያገለግሉትን ገረድና አሽከር ይሏቸው ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከተከለከለ ወዲህ ግን በሰው ቤት የሚሠራ ሁሉ ነፃ ሰው ነው፤ ነፃ ሰውም የሚሠራው በውል ነው። ዛሬ የቤት ሠራተኛ መባላቸው ስለዚህ የተገባ ነው። ነገር ግን ስሙ ብቻ ተለውጦ ውሉ ካልተደረገ፣ የስሙ መለወጥ ለሠራተኛዪቱ የሚጨምርላት ነገር የለም።

ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ በሚወስደው ትልቅ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአንጎለላና ጠራ ቀበሌዎች የወጣች ልጅ እዚህ መጥታ መኪና ከተሳፈረች፣ በአንድ ወገን ደብረ ብርሃን፣ በሌላው ወገን በሸኖ፣ በአለልቱና በሰንዳፋ አልፋ አዲስ አበባ በዚያው ቀን ትደርሳለች። ደብረ ብርሃንም ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም.፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ሰፍታለች። ባልና ሚስት ሁለቱም ወደ ሥራ በሚወጡበት ከተማ ቤት የሚጠብቅ ሰው ይፈለጋል።

ወደዚህ ሥራ የሚሄዱት አብዛኞቹ ከባላገር የወጡ ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። አንዲቱ ትምህርቷን ስላቋረጠች፣ አንዲቱ ያለ ዕድሜዋ ከተዳረችበት ቤት ወጥታ፣ አንዲቱ የአባቷ መሬት ለልጆቹ ሁሉ ስለማይበቃ፣ አንዲቱም ወላጆችዋ ሞተውባት ትሄዳለች። ይህም የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቤት ሠራተኞች በዓለም ሁሉ 75 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ያህል ናቸው። ከመቶው 76ቱ ሴቶች ናቸው፤ ከመቶውም 81ዱ ኢመደበኛ በሚባል አሠራር ይሠራሉ። ኢመደበኛ ማለት ሥራው የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። ውሉ ያልተጻፈ፣ የሠራተኛው ስም በመዝገብ ያልገባ፣ ሲታመምም ሲያረጅም የሚደርስለት ሕግ ወይም ጡረታ የሌለው ነው ማለት ነው።

የቤት ሠራተኛ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛዋ በአሠሪው ቤት እየበላችና እያደረች የምትሠራ ናት። ሁለተኛዋ ተመላላሽ የምትባለው፣ ልብስ ለማጠብ ወይም እንጀራ ለመጋገር መጥታ ማታ ወደ ቤቷ የምትመለስ ናት። ተመላላሽዋ የሥራዋ ሰዓት ይታወቃል። በቤቱ የምታድረው ግን ሰዓቷ ወሰን የለውም። እንግዳ ቢመሽበት፣ ሕፃን ሌሊት ቢያለቅስ የምትጠራው እርስዋ ናትና።

ስለዚህ ደመወዝ በወር ብቻ ቢነገር ትክክለኛ ልኩ አይታወቅም። ለዚህ አስተማሪዎች በሒሳብ ትምህርት ጊዜ የሚሠሩበት አንድ ምሳሌ እነሆ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የተሰጠ ነው እንጂ የገበያውን ዋጋ የሚወስን አይደለም። አንዲት ሠራተኛ በወር 3,000 ብር ተቀጥራ፣ በቀን 14 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ብትሠራ 420 ሰዓት ይሆናል። 3,000 ለ420 ሲካፈል ለአንዱ ሰዓት 7 ብር ከ14 ሳንቲም ይደርሳታል። ያንኑ 3,000 ብር የሚቀበል ሌላ ሰው ግን በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ ሰዓቱ 208 ስለሚሆን ለአንዱ ሰዓት 14 ብር ከ42 ሳንቲም ያገኛል። በወሩ ስንመለከተው ደመወዛቸው እኩል ነው፤ በሰዓቱ ስንመለከተው ግን የአንዲቱ የሌላው እኩሌታ ነው። ምግብና ማደሪያም ዋጋ እንዳላቸው እውነት ነው፤ ስለዚህ እነርሱም በውሉ ተነግረው ሊታሰቡ ይገባል እንጂ በኋላ ለክርክር መልስ ሊሆኑ አይገባም።

ደመወዙን የሚያሳንሱ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። አንደኛ፣ ሠራተኛዪቱ በሰው ቤት ብቻዋን ስለሆነች ከባልደረቦች ጋር ተማክራ ልትጠይቅ አትችልም። ሁለተኛ፣ ደላላ የሚያገናኝበትን ዋጋ በየቅጥሩ ስለሚቀበል፣ በአንድ ቤት ከምትረጋ ይልቅ ቤት ብትለዋውጥ ለእርሱ ይጠቅመዋል። ሦስተኛ፣ “ገንዘቡ እንዳይጠፋብሽ እኔ ላስቀምጥልሽ” እየተባለ ደመወዝዋ በአሠሪ ወይም በዘመድ እጅ ይከማቻል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተደረገ ወዲህ ብር ከውጭ አገር ገንዘብ አንጻር ብዙ ዝቅ ብሏል። ሳይከፈል የቆየ ደመወዝም ቁጥሩ ባይጎድል እንኳ ኃይሉ ይጎድላል፤ በግ ሊገዛ ይችል የነበረው ገንዘብ ከዓመታት በኋላ ግልገል ላይገዛ ይችላል። የሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ኦሪት መከልከሏን ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ደመወዙ ጨርሶ ያልተነገረ ሲሆን ነው። ዘመድ ከከተማ መጥቶ “እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ፤ አስተምራታለሁ” ብሎ ልጅቱን ይወስዳል። ቃሉን የሚፈጽም ደግ ሰው ብዙ አለ። ነገር ግን ቃሉ ሳይፈጸም ቢቀር ልጅቱ የምትጠይቀው በማን ምስክርነት ነው? ተማሪ ነኝ እንዳትል አልተማረችም፤ ሠራተኛ ነኝ እንዳትል ደመወዝ አልተቆረጠላትም።

ሕጉን ብንመለከት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2601 እስከ 2604 በአሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ይናገራል፤ አሠሪውም የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ፣ ሲታመምም እንዲያስብለት ያዝዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 እንዳያልፍ ወስኗል። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 አድርጎት እንደ ነበረው ሁሉ፣ ትርፍ የማይገኝበትን የግል አገልግሎት ቅጥር ከዚህ ለይቶ፣ ስለ እርሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ተወው። ስለዚህ ለቤት ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ ጋሻዋ ራሱ ውሉ ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት በ2005 ዓ.ም. ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣው ሕግ ሁለቱም ወገኖች በሚያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ውል እንዲኖርና በሳምንት የአንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ ያዘዘው ይህን ተመልክቶ ነው።

ውል ማድረግ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። መሬት በእኩል ሲታረስ፣ በሬ ሲሸጥ፣ እረኛ ለዓመት ሲቀጠር ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እማኝ ይቆጠራል፤ ዋስ ይጠራል። እረኛው የሚያገኘው እህልና ልብስ አስቀድሞ ይነገራል። ለበሬና ለበግ ጠባቂ ይህን ያህል ጥንቃቄ የምናደርግ ሰዎች፣ ልጃችንን ወደማናውቀው ቤት ስንሰድድ ያለ እማኝ መስደዳችን የተገባ አይደለም። የቃል ውልም ቢሆን የሚጸና ነው፤ ዳግመኛ ክርክር ሲነሣ ግን ማስረጃ ይጠየቃል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፤ የአሠሪው ስምና የሚኖርበት ቀበሌ፣ ስልኩም፤ የሥራው ዓይነት፤ የወሩ ደመወዝና የሚከፈልበት ቀን፤ የሥራውና የዕረፍቱ ሰዓት፤ የሳምንቱ ዕረፍት ቀን፤ የምትተኛበት ቦታ፤ ብትታመም የሚያሳክማት ሰው፤ የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ ሰዓቱ፤ ውሉ ሲፈርስ አስቀድሞ የሚነገርበት ጊዜ። ይህ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ ሁለት እማኞች ፈርመውበት፣ አንዱ በሠራተኛዪቱ እጅ ይቀመጥ። ደመወዙም በራስዋ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ቢገባ እጅግ የተሻለ ነው።

አስተማሪዎች ከሁሉ በፊት ልጅቱ ዕድሜዋ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቁ። አዋጁ ለሌሎች ሥራዎች የወሰነው ትንሹ ዕድሜ 15 ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች ያለች ልጅ ቦታዋ ትምህርት ቤት ነው። ሕፃንን ጉልበቱን ለመበዝበዝ ወስዶ ማስተላለፍ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ወንጀል ነው፤ ወላጅ ቢፈቅድም ወንጀልነቱ አይቀርም። ሽማግሌዎችም ልጅ ለመውሰድ የመጣውን ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ውሉን በፊታቸው እንዲናገር ይጠይቁት። ቅን ሰው ይህን አይጠላም፤ የሚሸሽ ከሆነ ግን ስለ ምን እንደሚሸሽ ልጅቱ መኪና ሳትሳፈር ይታወቃል።