አንድ ፎቶግራፍ በብዙ እጆች፤ የአማተሮች ሳምንታዊ የፎቶ ቅንብር ውድድርና ትምህርቱ

ፎቶግራፍ የመንግሥት ሥራ የማይነጠል መሣሪያ ከሆነ ውሎ አድሯል። የሠራተኛ የግል ማኅደር፣ የፕሮጀክት አፈጻጸም ሪፖርት፣ የመሥሪያ ቤት መጽሔትና የበዓላት ዐውደ ርዕይ ያለ ፎቶግራፍ አይሟሉም። ይሁንና አንድ ፎቶግራፍ ከካሜራው ወጥቶ ከተመልካች ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራበት በቅጡ የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም።

ይህንን ሥራ በጨዋታ መልክ የሚማማሩበት አንድ ልማድ በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ አማተር ዲጂታል ሠዓሊያንና ፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። ልማዱም የወዳጅነት ሳምንታዊ የፎቶ ቅንብር ውድድር ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ሰው ራሱ ያነሳውን ፎቶግራፍ ለሁሉም ያቀርባል። ተሳታፊዎች ያንኑ ፎቶግራፍ ይወስዱና እያንዳንዳቸው በያዙት ሶፍትዌርና በመሰላቸው መንገድ ያቀናብሩታል። ሳምንቱ ሲያበቃ ሥራዎቹ ጎን ለጎን ቀርበው ይታያሉ፤ አስተያየትም ይሰጥባቸዋል። በአንዳንዶቹ ድምፅ ተሰጥቶ አሸናፊ ይለያል። የገንዘብ ሽልማት ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። በብዙዎቹ ዘንድ የአሸናፊው ድርሻ የሚቀጥለውን ሳምንት ፎቶግራፍ ወይም ርዕስ መምረጥ ብቻ ነው።

ውድድሮቹ በይዘታቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ካሜራው የመዘገበውን ብርሃንና ቀለም በማስተካከል ላይ የተወሰነ ነው። በፎቶግራፉ ውስጥ ያልነበረ ነገር አይጨመርም፤ የነበረም አይወጣም። ሁለተኛው ዓይነት ልዩ ልዩ ፎቶግራፎችን በማዳቀል ከቶ ያልተፈጸመን ትዕይንት መፍጠር የሚፈቀድበት ነው። ዝሆንን በሻይ ስኒ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም መኪናን በደመና ላይ ማስኬድ በዚህኛው ውድድር ነውር የለበትም። የሁለቱ ልዩነት ለተሳታፊዎቹ የጨዋታ ደንብ ሲሆን፣ ከጨዋታው ውጭ ግን የእውነትና የሐሰት ድንበር ይሆናል።

ፎቶግራፍን ማዳቀል ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ኦስካር ሬይላንደር የተባለው በእንግሊዝ ይሠራ የነበረ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን በማገጣጠም አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ አዘጋጅቶ ለሕዝብ አሳይቷል። ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ደግሞ በተከታዩ ዓመት በሞት አፋፍ ላይ ያለች ወጣትና ቤተሰቧን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከአምስት ኔጋቲቮች ሠርቷል። በኔጋቲቭ ላይ በቀጭን እርሳስ የፊትን ጠባሳና መጨማደድ መሸፈንም የፎቶ ቤቶች የዘወትር ሥራ ነበር። በአገራችንም የጉርድ ፎቶግራፍን ጀርባ ማንጣት ወይም ደንበኛውን ሄዶበት በማያውቀው ፏፏቴ ፊት ማቆም ለፎቶ ቤቶች እንግዳ አይደለም።

ኮምፒውተር የለወጠው የሥራውን ፍጥነትና የሠሪውን ብዛት ነው። ቶማስ ኖል የተባለው የአሜሪካ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ እ.ኤ.አ በ1987 ጥቁርና ነጭ ምስሎችን በኮምፒውተር መስኮት ላይ የሚያሳይ አነስተኛ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። የፊልም ልዩ ትዕይንቶችን በሚያዘጋጅ ድርጅት ይሠራ የነበረው ወንድሙ ጆን ኖል ጥቅሙን ተረድቶ ሥራውን አብሮት አሳደገ። አዶቤ ኩባንያ ከወንድማማቾቹ ጋር ተዋውሎ ፕሮግራሙን ፎቶሾፕ በሚል ስም እ.ኤ.አ በየካቲት 1990 ለገበያ አቀረበው። እ.ኤ.አ በ1994 የወጣው ሦስተኛው ዕትም ደግሞ አንዱን ምስል በሌላው ላይ እንደ መስታወት ደራርቦ እያንዳንዱን ለብቻው ማስተካከል የሚያስችለውን የሌየር አሠራር ይዞ መጣ።

ሶፍትዌሩን ለመግዛት አቅም የሌላቸው አማተሮችም መንገድ አላጡም። ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተማሪዎች ጂምፕ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ በ1995 ጀምረው በተከታዩ ዓመት ለሕዝብ አቀረቡ። ዳርክቴብል እ.ኤ.አ በ2009 ሲከተል፣ ሮውቴራፒ የተባለው ሶፍትዌርም እ.ኤ.አ በ2010 ነጻ ሆነ። በመሆኑም ዛሬ አንድ ኮምፒውተር ያለው ሰው በሶፍትዌር ዋጋ ምክንያት ከዚህ ሙያ አይታገድም።

በነጻ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ዘንድ «ፕሌይ ሮው» በሚል ስም የሚታወቀው ልምምድ የመጀመሪያውን ዓይነት ውድድር አሠራር በግልጽ ያሳያል። በዚህ ልምምድ የሚቀርበው ካሜራው አስተካክሎ የሰጠው ፎቶግራፍ ሳይሆን ሮው የሚባለው ጥሬ መዝገብ ነው። ጥሬው መዝገብ በፊልም ዘመን ከነበረው ኔጋቲቭ ጋር ይመሳሰላል። ጨለማ ክፍል ገብቶ ካልታጠበና ካልታተመ በቀር ለተመልካች የሚቀርብ አልነበረም።

የሁለቱ መዝገቦች ልዩነት በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ጄፔግ የተባለው የተለመደው የፎቶግራፍ ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ ይይዛል። 14 ቢት የሆነ ጥሬ መዝገብ ግን 16 ሺህ 384 ደረጃዎችን ሊይዝ ይችላል። በተጨማሪም የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ቀለም ብቻ ይመዘግባል። የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ አሠራር ከነጥቦቹ ግማሹን ለአረንጓዴ፣ ሩብ ሩቡን ደግሞ ለቀይና ለሰማያዊ ይሰጣል። የቀሩትን ቀለሞች ከአጎራባች ነጥቦች በስሌት የሚሞላው ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ ከዲጂታል ካሜራ የሚወጣ ማንኛውም የቀለም ፎቶግራፍ፣ ባለቤቱ ምንም ባይነካውም፣ አስቀድሞ በስሌት የተሠራ ነው።

ለአብነት ያህል በጥምቀት በዓል ነጭ የሐበሻ ልብስ የለበሰ ሕዝብ በቀትር ፀሐይ የተነሳበትን ፎቶግራፍ መውሰድ ይቻላል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ በጠቅላላው የሚሠራው ፊት ለፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው። አብዛኛው ትዕይንት ነጭ ሲሆን መለኪያው ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው ይቀንሳል። በውጤቱም ነጠላው ወደ አመድማነት ያዘነብላል፤ የሰዎቹ ፊትም ይጠቁርና መለየት ያስቸግራል።

እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ለሳምንቱ ውድድር ቢቀርብ አንዱ ተሳታፊ የፊቶቹን ብርሃን ከፍ አድርጎ ሰዎቹ እንዲታወቁ ያደርጋል። ሌላው የነጠላውን ጥለትና የሽመናውን ፈትል ለማውጣት ይጥራል። ሦስተኛው ቀለሙን አስወግዶ በጥቁርና ነጭ ያቀርበዋል። ሦስቱም ያልነበረ ሰው አልጨመሩም፤ የነበረም አላወጡም። ሆኖም የተመልካች ዓይን በሦስቱ ፎቶግራፎች መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። ተሳታፊዎች በየሳምንቱ የሚማሩት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ያለ ውሳኔ የሚወጣ ፎቶግራፍ የለም።

በልምምዱ ውስጥ ለመሥሪያ ቤቶች የሚበጅ አንድ ሌላ አሠራርም አለ። እንደ ዳርክቴብል ያሉ ሶፍትዌሮች ጥሬውን መዝገብ ፈጽሞ አይነኩትም። የተደረገው ለውጥ ሁሉ በሌላ አነስተኛ ፋይል ላይ በዝርዝር ይመዘገባል። ተሳታፊው ሥራውን ሲያቀርብ ይህንን ፋይል አያይዞ ስለሚሰጥ ማንኛውም ሰው ከፍቶ ምን ያህል ብርሃን እንደተጨመረ፣ የትኛው ክፍል እንደተቆረጠና ቀለሙ እንዴት እንደተስተካከለ አንድ በአንድ መከታተል ይችላል። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሲገለጽ ዋናው ሰነድ በመዝገብ ቤት ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ የተወሰነው ውሳኔ ደግሞ በቃለ ጉባኤ ይያዛል ማለት ነው።

የባለቤትነት ጉዳይም አስቀድሞ ይለያል። ፎቶግራፉን የሚያቀርበው ሰው በምን ሁኔታ መጠቀም እንደሚቻል የሚገልጽ ፈቃድ አብሮ ይሰጣል። ለዚህም እ.ኤ.አ ከ2002 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋሉት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ያገለግላሉ። ፈቃዱ የአንሺው ስም እንዲጠቀስ ሊያስገድድ፣ ለንግድ እንዳይውልም ሊከለክል ይችላል።

እነዚህ ጥንቃቄዎች ሲጓደሉ የሚደርሰው ጉዳት በታላላቅ ተቋማትም ታይቷል። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ በየካቲት 1982 ባወጣው ዕትም አግድም የተነሳውን የጊዛ ፒራሚዶች ፎቶግራፍ ከቁመተ ረጅሙ ሽፋን ጋር ለማስማማት ሲል ፒራሚዶቹን በኮምፒውተር በማቀራረቡ ብርቱ ትችት ገጥሞታል። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2008 ደግሞ ከኢራን የተሰራጨ የሚሳኤል ሙከራ ፎቶግራፍ በበርካታ ጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ከወጣ በኋላ ከአራቱ ሚሳኤሎች አንዱ ከሌሎቹ ተገልብጦ የተጨመረ መሆኑ ተደርሶበታል። ፎቶግራፉን ተቀብሎ ያሰራጨው የፈረንሳይ ዜና አገልግሎትም ሰርዞታል።

ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶግራፍ ውድድር እ.ኤ.አ በ2015 ለመጨረሻው ዙር ሊደርሱ የተቃረቡትን ሥራዎች ከጥሬ መዝገባቸው ጋር ሲያመሳክር 20 በመቶ ያህሉን ከውድድር ውጭ አድርጓል። ከጥሬው መዝገብ ጋር ማመሳከር ከማንኛውም ክርክር የተሻለ ዳኛ መሆኑን ይህ ውሳኔ ያሳያል።

በኢትዮጵያ ሕግም ጉዳዩ ባዶ ቦታ አይደለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ሰውየው የታወቀ ሲሆን ወይም የያዘው የሕዝብ ሥልጣን ሲያስገድድ፣ እንዲሁም ፎቶግራፉ በአደባባይ ከተፈጸሙ ሁኔታዎች ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈቃድ የማያስፈልግበትን አግባብ ይደነግጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በበኩሉ የፎቶግራፍ ሥራን ይጠብቃል። አዋጁ ሥራው ክብርን ወይም መልካም ስምን በሚጎዳ መንገድ ሲለወጥ አመንጪው የመቃወም መብት እንዳለውም ይገልጻል።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ የሌላውን መብት ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት የኮምፒውተር ዳታን ማስመሰልና በሐሰተኛ ዳታ መገልገልን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ ያልተጠናቀቀ ሕንጻን የተጠናቀቀ አስመስሎ በማቀናበር ያልተሠራ ሥራ ክፍያ መጠየቅ እንደ ቀላል የፎቶ ማሳመር ሊታይ አይገባውም።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በጥቂት ቃላት ትእዛዝ ፎቶግራፍ የሚመስል ምስል መፍጠር ከጀመረ ወዲህ ጥንቃቄው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። አዶቤ፣ ቢቢሲ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ የተለያዩ ድርጅቶች እ.ኤ.አ በ2021 ባቋቋሙት ጥምረት አማካይነት የአንድን ምስል አመጣጥና የተደረገበትን ለውጥ ከምስሉ ጋር አያይዞ የሚይዝ የጋራ ደረጃ አዘጋጅተዋል። ላይካ ኩባንያም እ.ኤ.አ በ2023 ይህንን መረጃ ፎቶግራፉ በሚነሳበት ቅጽበት የሚመዘግብ ካሜራ ለገበያ አቅርቧል። የቴክኖሎጂው መሠረተ ሐሳብ አማተሮቹ በየሳምንቱ ከሚያደርጉት ብዙ አይርቅም፤ ከየት እንደተነሳህና ምን እንዳደረግህ አሳይ የሚል ነው።

ከዚህ በመነሳት የሕዝብ ግንኙነትና የመዝገብ ሥራ ክፍሎች ሊወስዷቸው የሚችሉ ሦስት ቀላል ደንቦች አሉ። አንደኛ፣ ካሜራው የሰጠው ዋናው ፋይል አንሺው፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት ሳይነካ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ቅንብሩ በግልባጩ ላይ ብቻ ይካሄድ፤ የተደረገውም ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ብርሃንና ቀለምን ከማስተካከል አልፎ ነገር የተጨመረበት ወይም የተቀነሰበት ምስል ለፖስተርና ለማስታወቂያ ሲውል ቅንብር መሆኑ ይገለጽ፤ ለሪፖርትና ለማስረጃ ግን ፈጽሞ አይቅረብ።

ልምምዱን በመሥሪያ ቤት ደረጃ ለመጀመርም የተለየ በጀት አያስፈልግም። ነጻው ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር፣ በሳምንት አንድ ፎቶግራፍና ሠራተኞች ሥራቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚነጋገሩበት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንድን ፎቶግራፍ በአምስት ሰዎች እጅ አምስት ዓይነት ሆኖ ያየ ሠራተኛ፣ ከወረዳ ወይም ከሥራ ተቋራጭ የደረሰውን ፎቶግራፍ ከመፈረሙ በፊት ዋናውን ፋይል መጠየቁ አይቀርም።