በለስና ቀይዋ ተባይ



ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬ በኩል ወደ ቆቦ የሚወርድ መንገደኛ በራያ ቆላ ሁለት ዐይነት እሾሃም ተክል ያያል። አንደኛው ቅርንጫፎቹን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚያነሣው፣ ሲቈረጥም ዐይን የሚያቃጥል ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ነው። ሁለተኛው ቅጠል የሚመስለውን ጠፍጣፋ አካሉን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ የሚያድገው፣ በክረምት ጣፋጭ ፍሬ የሚሰጠው በለስ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም ቁልቋል ብሎ ይጠራቸዋል፤ እንዳይምታታብን እኛ ፍሬ የሚሰጠውን በለስ እንለዋለን። በቅዱስ መጽሐፍ የምናነበው በለስ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው።

ሁለቱ ተክሎች በመልክ ይቀራረቡ እንጂ በዘር አይዛመዱም። ቁልቋል የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ የበለስ አገር ደግሞ ሜክሲኮ ነው። ያመሳሰላቸው ድርቅ ነው። ሁለቱም ሰፊ ቅጠልን ትተው ውሃን በወፍራም አካል ማጠራቀምንና በእሾህ መጠበቅን በየራሳቸው መንገድ አገኙ። እኛ በስም ብናደባልቃቸውም፣ ሳትሳሳት የምትለያቸው አንዲት ትንሽ ተባይ አለች። ስሟ ኮቺኒል ይባላል። ምግቧ በለስና የበለስ የቅርብ ዘመዶች ብቻ ስለ ሆኑ፣ የበለስን አጥር ወርራ በምታደርቅበት ጊዜ እንኳ አጠገቡ የቆመውን ቁልቋል አትነካውም።

ለመሆኑ አንዲት ተባይ ከብዙ ሺህ ዕፅዋት መካከል አንዱን ብቻ መርጣ የምትኖረው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በቅርባችን ባለ ዛፍ ይገኛል። የሾላን ፍሬ ሰንጥቆ ያየ ሰው በውስጡ ጥቃቅን ተርቦች ማግኘቱን ያስታውሳል። ሾላ አበባውን የሚያብበው በፍሬው ሆድ ውስጥ ነው። ሴቲቱ ተርብ በጠባቧ ቀዳዳ ገብታ፣ ከሌላ ፍሬ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት አድርሳ፣ እንቍላሏን በከፊሎቹ አበቦች ውስጥ ጥላ በዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ሲያድጉ ዱቄቱን ተሸክመው ወደ ሌላ ፍሬ ይበራሉ። ያለ ዛፉ ተርቢቱ አትወለድም፤ ያለ ተርቢቱም ዛፉ ዘር አይቋጥርም። ሾላ ወደ ግብፅ ሲወሰድ ይህች ተርብ አልተከተለችውም፤ በዚህም ምክንያት የጥንት ግብፃውያን ፍሬውን ለማብሰል በቢላዋ ይሰነጥቁት ነበር። ሊቃውንት ይህን የመሰለውን፣ ሁለት ሕያዋን እጅግ በረዘመ ዘመን አንዱ ሌላውን እየለወጠ የሚሄዱበትን መንገድ፣ የጋራ አዝጋሚ ለውጥ ይሉታል።

በሾላና በተርቡ መካከል ያለው ውል ሁለቱንም ይጠቅማል። በበለስና በኮቺኒል መካከል ያለው ግን ሙግት ነው። ሴቲቱ ኮቺኒል ክንፍ የላትም፤ መርፌ የመሰለ አፏን በተክሉ ቆዳ ላይ ተክላ ጭማቂውን እየመጠጠች ዕድሜዋን በአንድ ቦታ ትጨርሳለች። ከበረሃ ፀሐይና ነፋስ የሚጠብቃት፣ ከሰውነቷ አመንጭታ የምትለብሰው ጥጥ የሚመስል ነጭ ሰም ነው። ወንዱ ክንፍ ቢኖረውም ለአካለ መጠን ሲደርስ የሚበላበት አፍ የለውም፤ ከሴቲቱ ጋር ተገናኝቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሞታል። ጫጩቶቿ በዐይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግሩ ናቸው። ሰውነታቸው ቀጭን የሰም ክር ስላለው፣ ወደ ተክሉ ጫፍ ወጥተው ነፋስ እስኪያነሣቸው ይጠብቃሉ።

የማትንቀሳቀስ ተባይ ጉንዳን ቢመጣባት በምን ታመልጣለች? ሰውነቷ ካርሚኒክ አሲድ በሚባል መራራ ቀይ ነገር የተሞላ ነው። ደርቃ ስትመዘን ከክብደቷ አምስት አንድ የሚያህለው ይህ ነው። በ1980 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የታተመ ምርምር ጉንዳኖች ከዚህ አሲድ እንደሚሸሹ አስረድቷል። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኮቺኒልን የሚበላ አንድ የእሳት ራት ትል አለ። ይህ ትል አሲዱን ችሎ ከመዋጡም ሌላ፣ ራሱ በጉንዳን ሲነካ ያንኑ የሰረቀውን ቀይ ውሃ ተፍቶ ይከላከልበታል! በአገሯ በሜክሲኮ ይህ ትል፣ አንዳንድ ጥንዚዛዎችና ዝንቦችም ይበሏታል። ተክሉ አይጠፋም፤ ተባይዋም ከመጠን በላይ አትበዛም።

ሰው በዚህ ቤተ ሰብ መካከል የገባው ስለ ቀለሙ ነው። የሜክሲኮ ሰዎች ኮቺኒልን በበለስ ላይ አርብተው፣ ለቅመውና አድርቀው ልብስ ያቀልሙባት ነበር። እስፓኞች በ16ኛው መቶ ዓመት አገሩን ከያዙ በኋላ ወደ አውሮፓ እየላኩ ከበሩባት፤ ምስጢሩንም አጥብቀው ጠበቁ። አንድ ኪሎ ደረቅ ኮቺኒል ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ ተባይ ይለቀማል። በ1777 አንድ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ዐዋቂ ከኦዋሃካ ሰርቆ አወጣት። በ1795 ደግሞ በህንድ የነበሩ እንግሊዞች የቀለሟን ተባይ ያመጡ መስሏቸው፣ በስሕተት ሌላ የዱር ዘመዷን አስገቡ፤ እርሷም እዚያ የነበረውን አንድ የበለስ ዐይነት አወደመች። አውስትራልያ በተቃራኒው ጠላት ፈላጊ ሆነች። በ1925 አካባቢ 24 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬቷን በለስ ስለ ዋጠባት፣ ከአርጀንቲና ሌላ የእሳት ራት አስመጣች። ከ1926 ጀምሮ የተለቀቀው ትል በጥቂት ዓመት ውስጥ አብዛኛውን አጸዳው፤ ቡናርጋ በሚባል መንደርም በ1936 በስሙ አዳራሽ ተሠራለት። ለትል አዳራሽ መሥራት የሚያስቅ ቢመስልም፣ ርስቱ የተመለሰለት ገበሬ ግን አልሳቀም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በለስ በ19ኛው መቶ ዓመት ሲገባ ብቻውን ነው የመጣው፤ ጠላቶቹ በሜክሲኮ ቀሩ። በትግራይና በራያ ተራባ። ለግቢ አጥር፣ ለተዳፋት መሬት ማገጃ፣ እሾሁ በእሳት ተለብልቦም በድርቅ ጊዜ ለከብት መኖ ሆነ። ከሁሉም በላይ ፍሬው የሚደርሰው የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ባልደረሰበት ክረምት ነው። ይህን ወራት በደመወዝ ለምንኖር የከተማ ሰዎች ማስረዳት ይቸግራል፤ ጎተራው ባዶ የሆነበት ገበሬ ግን የበለስን ዋጋ ያውቀዋል።

በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ኮቺኒል ለቀለም ንግድ ተብላ ወደ ትግራይ ገባች። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ገበሬው ለቅሞ እንዲሸጥ ነበር። ዳሩ ግን ልቀማው ሲቋረጥ እርባታዋ አልተቋረጠም። ሜክሲኮ ውስጥ የሚበሏት ትልና ጥንዚዛ አብረዋት አልመጡም፤ ሰምዋን አጥቦ የሚጥላት ዝናብም በቆላው ጥቂት ነው። ስለዚህ በደቡብ ትግራይ፣ በተለይም በራያ አዘቦ፣ ሰፊ የበለስ መሬት ነጭ ለብሶ ደረቀ። ከአላማጣ እስከ ቆቦና እስከ ጎብዬ ያለው ሜዳ የተያያዘ ነው። የወረዳ ወሰን ለእኛ ለጽሕፈት ቤት ሰዎች ነው እንጂ፣ በነፋስ የምትጓዝ ጫጩት የይለፍ ወረቀት አትጠየቅም።

መድኀኒቱ ምንድን ነው? ቀላል አይደለም፤ መርዝ መርጨት በሰሙ ምክንያት ብዙ አይረዳም፤ የሚበላ ፍሬ ባለበት ቦታም ያሰጋል። እስራኤል ከኮቺኒል ዘመዶች አንዷ ከ2013 ወዲህ በለሷን ስታጠፋባት፣ እርሷን የሚበሉ አንድ ጥንዚዛና አንድ ዝንብ ከሜክሲኮ አስመጥታ፣ ሌላ ነገር እንዳይበሉ በዝግ ቤት ከመረመረች በኋላ ለቀቀቻቸው። ሞሮኮ በበኩሏ ተባይዋን የሚቋቋሙ የበለስ ዐይነቶችን መርጣ ማባዛትን ያዘች። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መንገዶች ለራያ ሊመረመሩ ይገባል። ነገር ግን ሦስተኛ እንግዳ ከማስገባታችን በፊት፣ ተክሉም ተባይዋም በየተራ ብቻቸውን መምጣታቸው ምን እንዳስከተለ ማስታወስ ያሻል።

እስከዚያው ባለ በለሱ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በተክሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ሲታይ በእንጨት ጨፍልቆ ማየት ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ ከወጣ ኮቺኒል ናት። የተያዘውን አካል ሳይውል ሳያድር ቈርጦ በጥልቅ ጕድጓድ መቅበር ይገባል እንጂ በሜዳ መጣል አይገባም። በለስ የሚተከለው በቁራጭ ስለ ሆነ፣ ከዘመድ ቤት ለአጥር የሚሆን ቁራጭ ይዞ ወደ ጎብዬ የሚመለስ ሰውም ከመትከሉ አስቀድሞ ሁለቱንም ገጹን፣ የእሾሁንም ሥር አገላብጦ ይመልከት።